ዘጠኝ ጭረት

ትራሙ የዢዥኮቭን ዳገት እያቃሰተ ሲወጣ፣
ቢጫ ጃንጥላ ነው አስቀድሞ የሚመጣ፤
ሥሩ ክቪየታ፣ ከኋላዋ እንግዶች በተርታ፣
አንዱን ጫማው ልጦት፣ አንዱ ካለፈው ቤት ምላሱ ተፈትታ።

እኔ ቀጂ ነኝ። አርባ ዓመት ከዚሁ ቧንቧ ሥር፣
እጄ አንድ ነገር ያውቃል፤ አረፋን በልኩ ማሳደር።
ሁለት ጣት። ቢበልጥ ስርቆት፣ ቢያንስ ስንፍና፤
ይህን ያስተማረኝ ሰው እሱም ጊዜው ደርሶ አረፈና፣
አረፋው ለእኔ ቀረ።

"ብርጭቆ ስታጋጩ" ትላለች፣ "ዓይን ከዓይን ይተያይ፣
ዓይኑን የሰበረ ሰባት ዓመት ብቻውን ያድራል አልጋው ላይ።"
ይስቃሉ። ማሰሮውን ታሳያለች፣ ኮምጣጤ የጠገበ ቋሊማ፤
"ስሙ የሰመጠው ሰውዬ ነው፤ ሰምጦም ሆዱ አልጎደለማ!"
እንደገና ይስቃሉ። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ያው ቀልድ፣
እኔም በየማታው እስቃለሁ፤ ግዴታ ነው መሰል፣ ወይም ልምድ።

ቀጥሎ ወረቀቷ፤ ጠባብ፣ ጠርዟ በቢራ የራሰ፣
አንድ ብርጭቆ፣ አንድ ጭረት፣ ጠጪው ኪሱን እስኪዳብስ።
"በቃኝ ያለ ሰው ካርቶኑን ብርጭቆው አፍ ላይ ያድርግ፣
ካላደረገ ይህ ሰውዬ ይቀዳል፤ አያውቅም ድንበርና ጥግ።"
የራሷ ብርጭቆ ግን ባዶ ነው፤ ሁልጊዜ ክዳን አለው፤
የምድጃው ዳር ወንበርም አለ፣ ሳታይ የምታልፈው።

የማትነግራቸው፦
ከዳገቱ ሥር ያሳየቻቸው ያ የጡብ ጭስ ማውጫ፣
ዛሬ አፓርታማ የሆነው፣ የርግቦች መቀመጫ፣
አባቷ ሃኑሽ ብቅል ያገላበጠበት ነው፣ በእንጨት አካፋ፣
ሌሊት፣ በየስድስት ሰዓቱ፣ እንቅልፉን እየገፋ።
"ብቅል ሕፃን ነው" ይለኝ ነበር፣ "ካላገላበጡት ይኮመጥጣል፣
ሲበቅል ይሞቃል፣ ሲሞቅ ደግሞ ይቆጣል።"
አንድ ቀን ይህንኑ ብነግራት፣ ዓይኗን ከጃንጥላዋ ሳታነሣ፣
"ሕፃኑስ እኔ ነበርኩ" አለችኝ። "ለእኔ ማን ተነሣ?"

በጥቅምት አንድ ማታ እንግዶቿን ሆቴል አድርሳ፣
ብቻዋን ተመለሰች፣ ኮቷ በጉም ርሳ።
"ወረቀቱ አለ?"
የማን፣ አላልኳትም። ከቆርቆሮ ሣጥኑ፣ ከደረሰኞች ሥር አወጣሁ፤
ዘጠኝ ጭረት። ያኔ አሥረኛውን ስጀምር ካርቶኑን ሲከድን አየሁ፣
"ነገ" ብሎኝ ወጣ። የነገውን ቀን ሳያይ ቀረ፤
ፋብሪካው በተዘጋ በሳምንቱ ነበረ።

ቦርሳዋን ከፈተች። "በዛሬው ዋጋ ቁጠር።"
"የጠጣው በዚያን ጊዜ ነው፤ በዚያን ጊዜ ዋጋ ይቆጠር።"
ተከራከርን፣ እንደ ገበያ፣ ድመቷ ከእንቅልፏ እስክትነቃ ድረስ፤
ተሸነፍኩ። ሳንቲም ትደረድር ጀመር፣ ሳትቸኩል፣ ሳታለቅስ።
ስምንቱን ከፈለች። ስምንት ጭረት ሰረዝኩ፤
ዘጠነኛው ጋ ስደርስ እጇን እጄ ላይ አሳረፈች፤ ቆምኩ።
"ይህቺ ትቆይ" አለች።
ለምን፣ አላልኳትም።

ካርቶኑን ከብርጭቆዋ አነሣች። ቀዳሁላት፤ ሁለት ጣት።
አረፋው እስኪያርፍ ጠበቀች፣ ልክ እንደ እሱ፣ ሳትነካው፣ በጸጥታ፣
ከዚያ ወደ ምድጃው ወንበር አነሣችው፣ ዓይን ለዓይን የሚያያት ሳይኖራት፣
እና ጠጣች።

የመጨረሻው ትራም ደወለ። ሮጠች።
ውጭ ዝናብ ጀምሮ ነበር፤
ቢጫው ጃንጥላ፣ እንደታጠፈ፣ ከእኔው በር ሥር።