ለራስ ሲቆርሱ

ሱቄ ኮጪ ነው፣ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት፣
ዝናብ በመጣ ቁጥር ቆርቆሮው የሚጮኽበት።
ብስኩት ነው፣ ዌፈር ነው፣ ችፕስ ነው ንብረቴ፣
በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት ነው ሀብቴ፣
ብርቱካን ተስሎበት፣ ብርቱካን የሌለበት።

ጠዋት ደወል ሳይደወል ልጆች ይመጣሉ፣
አምስት ብር ጨብጠው መስኮቴን ያንኳኳሉ፤
"እትዬ ዚያዳ፣ ቢጫውን!" "ለኔ ቀዩን!" ይላሉ።
ስሙን የሚጠራ የለም።
በቀለም የሚታዘዝ ምግብ
ከዚህ ሱቅ በፊት አላውቅም።

የእኔ ሙኒር ግን ከዚያ አይቀምስም።
ከመጋረጃው ኋላ፣ ዱካ ላይ ቁጭ ብሎ
ጎደሬውን ይልጣል፣ ከእንፋሎቱ ታግሎ፣
ቅቤ ጠብ አድርጌ፣ ጨው ነስንሼለት፣
አንዳንዴም ማር፣ የአጎቴ የጌራ ማር፣ ሰሙ ያልወጣለት።
(አይቀምስም ማለቴ፣ እኔ እስከማውቀው ነው።
አንድ ቀን ሱሪውን ሳጥብ ከኪሱ ያገኘሁት
ባዶ ከረጢት፣ በግማሽ ጎደሬ የለወጠው ነው።
ምን ብዬ ልቆጣ? ሻጯ እኔ ነኝ።)

ሐሙስ ሐሙስ ሱቁን ለነዚፍ ጥዬ
ሄርማታ እወርዳለሁ፣ ዘንቢሌን አንጠልጥዬ።
የዴዶዋ አዴ ሚስኪያ ጎደሬ ከምራ፣
ጎመን ከነጤዛው፣ አቮካዶ ከቅጠሉ ጋራ፣
ቦይናው የልጅ ጭን የሚያህል።
"መቼ ነው የተነቀለው?" ብዬ ስጠይቃት
አትምል፣ አትገዘት፤ ታሳየኛለች ጥፍሯን፣
ከጥቁሩ አፈር ገና ያልጠራውን።
የእኔ ብስኩት ደግሞ ቀኑ ጀርባው ላይ አለ፣
በማላነበው ፊደል፣ ግማሹ ተፍቆ፣ ግማሹ የተንጠለጠለ።

ነዚፍ ሒሳብ ያውቃል። "ብስኩት" ይለኛል፣ "አይሻግትም፣
ዓመት ቢቀመጥ አያከስርም።"
እሱን የሚያጽናናው እኔን ነው የሚያስፈራኝ፤
ከመስኮቱ ሥር የወደቀ ፍርፋሪ፣ ሦስት ቀን ያደረ፣
ጉንዳን አሽትቶት፣ ዞሮት፣ መንገዱን ቀየረ።

አንድ ማለዳ ረምላ፣ የባጃጅ ነጂው የአባቢያ ልጅ፣
አምስት ብሯን እንደያዘች አፍንጫዋን አነሳች፣
መጋረጃው ተገልጦ ሙኒርን አየች።
"እሱ የሚበላው ስንት ነው?"
"እሱ አይሸጥም" አልኳት።
"ለምን?"

ለምን።
"ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ" ትል ነበር እናቴ፣
ስለ ቁራሹ መጠን ይመስለኝ ነበር በልጅነቴ።
ስለ ሌላም ነገር መሆኑ የገባኝ
የስምንት ዓመት ልጅ መልስ ስትጠብቅ፣
እጄ ቢጫው ከረጢት ላይ እንዳለ፣ ፊቴ ሲሞቅ።

በቀጣዩ ሐሙስ እጥፍ ገዛሁ፣
ድስቱን መስኮቱ ላይ አኖርኩ፣ ሙዙን በገመድ ሰቀልኩ።
ሳቁ ልጆቹ። "ጎደሬ! የገጠር ምግብ!" አሉ፣
ቀዩን፣ ቢጫውን ይዘው ሄዱ፣ እየተጋፉ፣ እየዘለሉ።
ቅዳሜ ሙዙ ጠቆረ፤ እኔና ነዚፍ በላነው፣
እሱ ምንም ሳይናገር፣ እያላመጠ ሲቆጥረው።

ጀግና አይደለሁም። ብስኩቱን አልጣልኩም፤
የሱቅ ኪራይ በጎደሬ አይከፈልም።
አንድ መደርደሪያ ብቻ አስለቀቅኩ፣ ከፊት ያለውን፤
ሁለት ጎደሬ በአምስት ብር፣ ጨው በወረቀት፣
ኪሳራውን ነዚፍ ሳያውቅ ከኪሴ የምሞላበት።

ትናንት ረምላ መጣች፣ ዝናቡ ሲወርድ፣ ቆርቆሮው ሲጮኽ፤
"ቢጫውን" ስትል ብቻ ሰማሁ፣ ጣቷን ዘርግታ።
ሙዙ ከፊት ተንጠልጥሏል፣ ከኋላው ቢጫው ዱቄት፤
ጣቷ የቱን እንዳለ አልጠየቅኳት።
ሙዙን ቆርጬ ሰጠኋት።

ጥቂት ቆመች።
አየችኝ።
ከዚያ ከጣሪያዬ ጠብታ ሸሽታ፣ ግድግዳውን ተጠግታ፣
ከታች በኩል መላጥ ጀመረች።