በሁለት እጅ

ሐምሌ ነው፤ ደብረ ማርቆስ፣ ዝናቡ ቆርቆሮ ሲደበድብ ውሎ፣
መብራት ሄደ፣ መጣ፤ ሴንትሪፊዩጁ ቆመ፣ ዞረ፣ ደግሞ ቆመ ቶሎ።
ሰማያዊ ክዳን ባላት ብልቃጥ ያለው የዝባለም ደም፣
ከብቸና ነው የመጣ፤ እሷ ኮሪደር ላይ ናት፤ መቀመጥ አትወድም።
«ከተቀመጥኩማ ይረጋል» ትላለች፣ ግራ እግሯን ጎትታ፣
ሦስት ፅንስ ቀብራ፣ ለአራተኛው ፈርታ።

የኔ ሥራ መቁጠር ነው፤
ጠብታ ጨምሬ፣ ሰዓቴን ተጭኜ፣
እስኪረጋ ማየት፣ ትንፋሼን አፍኜ።
የጤነኛ ሰው ደም ሠላሳ ሰከንድ ሲሆን ድሩን ያደራል፤
የዝባለም ግን ይፈሳል፣ ይፈሳል፤ ስልሳን አልፎ፣ ሰባ ላይ ይቋጥራል።
ወረቀቱን ብቻ ያየ «ደሟ ቀጭን ነው፣ እንዳትደማ» ይላል፤
ባቷን የዳሰሰ ግን፣ ጓጉሎ የተኛውን ያገኛል።

አባቴ ዋሸራ ቅኔ ቆጥሮ ነበር፤
«ሰሙን አትዝለለው» ይለኝ ነበር፣ «ግን እዚያው አትደር»።
በብልቃጥ የዘገየው ሰም ነው፣ በሥጋ የቸኮለው ወርቅ፤
እኔም ቆጣሪ ነኝ፤ የምቆጥረው ሰከንድ ነው፣ ከአባቴ መንገድ ሳልርቅ።

ስም ሲያወጡለት «ፀረ እንግዳ» አሉት፣ ባዕድ እንዲመልስ፣
ደጅ እንዲጠብቅ፣ ሰርጎ የገባውን እንዲይዝ፣ እንዲከስስ።
አሁን ግን ማጀት ገብቶ፣ የቤቱን ልጅ ይዞ «ማነህ አንተ?» ይላል፣
አብሮት ያደገውን ፊት እንደ መንገደኛ ያያል።

የገረመኝ ጉልበቱ አይደለም፤ ጉልበት የለውም።
በአንድ እጁ ሲይዝ ልል ነው፤
በደም ውስጥ ብቻዋን የምትዋኝ፣ ጅራቷን ነክሳ የተጠቀለለች ፕሮቲን ቢያገኝ፣
ነካ አድርጎ ይለቃታል፤ ገበያ ላይ እንደተጋፉት ሰው።
ያቺው ፕሮቲን ግን ከሕዋስ ግድግዳ ስታርፍ፣ ተዘርግታ፣
የሸሸገችውን ጎን ትገልጣለች፤ እህቷም አጠገቧ ተጠግታ፤
ያኔ ይደርሳል፤ በአንድ እጁ አንዷን፣ በሌላው ሁለተኛይቱን፤
አንዱ ሲላላ ሌላው ያጠብቃል ጣቱን።
ሁለት ልል ቋጠሮ፣ አንድ የማይፈታ እስራት፤
ሕዋሱ ይደነግጣል፤ «ቆሰልኩ» ብሎ ይጮኻል፣ ያለ አንዳች ስለት፤
ደሙም ጩኸት ሰምቶ ይሰበሰባል፣ ቁስል በሌለበት።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እያልን፣ ስናሞግስ አንድነት፣
«አንበሳው እኛ ብንሆንስ?» ብሎ ማንም አልጠየቀ በልጅነት።
«የረጋ ወተት ቅቤ ይወጣዋል»፤ ይኸም ያው፤
ከረጋ ደም የወጣው፣ ሦስት ስም ነው፣ ልጅ የሌለው።

ዶክተሯ ወጥታ ነገረቻት፤
«አንዴ መታየቱ አይበቃም፤ አላፊም አለ፣ ከትኩሳት ጋር መጥቶ የሚሄድ፤
ከአሥራ ሁለት ሳምንት በኋላ ደግመን እንይ፤ መርፌውን ግን እንዳትተዪ፣ ጎርፍ ቢወርድ።»
የዝባለም በጣቷ ቆጠረች፤ ነሐሴን፣ ጳጉሜን፣ መስከረምን።
«ጤፉ ዘለላ ሲጥል ነዋ» አለች፤ «መንገዱም ያኔ ይደርቃል፤
እሱ ግን ያን ሁሉ ቀን ውስጤ ቁጭ ብሎ ምን ይሠራል?»

መልስ አልነበረኝም።
ይበልጣል ጄኔሬተሩን አስነሳ፤ መብራቱ ተንተገተገ፤
ሴንትሪፊዩጁ ጮኸ፤ የሌላ ሰው ደም ፈለገ።

ወረቀቱን ስሰጣት ጎንበስ አለች፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣
በሁለት እጅ ልትቀበል፣ እንደ ወጉ፣ አንዱን በአንዱ አደላድላ።
እኔ በአንድ እጄ ነበር የዘረጋሁት፤
አፈርኩ፤ ሌላውን ጨመርኩ።
ለአፍታ ማናችንም አልለቀቅንም።