ልገዛ ነው

ሦስት ቀን ተቀመጥኩ ከአንሙት ጋራዥ ደጅ፣
አሮጌ ጎማ ላይ፣ እንደ አጥቢያ ፈራጅ፣
እሷን በዓይን ሳገላብጥ።

ባለ ሁለት መቶ ሃምሳ፣ ቁመቷ መለሎ፣
ታርጋ ያላት፣ ሊብሬ፣ የዘንድሮ ቦሎ፣
ፍሬቻዋ በየማጠፊያው የሚጠቅስ፣
ቢያስቆማት ትራፊክ፣ ወረቀቷ የማያስከስስ።
በዘንባባው ጥላ ከብስክሌት መንጋ ጋር በዝግታ ሄዳ፣
አስፋልቱ ሲያልቅባት ኮረኮንች ላይ የማትሆን እንግዳ።

እኔ ከብት አዳቃይ ነኝ።
የናይትሮጅኑን ጋን ከኋላ አስሬ፣ ዛሬ ዘጌ፣ ነገ ቁንዝላ፤
ጠዋት ኮርማ የፈለገች ላም ለማታ ናት፤ ዋጋ የለኝም ከዚያ በኋላ።
ሃያ አንድ ቀን ይቆጠራል። ገበሬው ያኮርፋል።
የመሥሪያ ቤቱ ሞተር ከቆመ ሁለት ዓመቱ ነው፤
ግቢው ውስጥ ዶሮ ያድርበታል።

አንሙት እጁ ጥቁር፣ ቃሉ ነጭ ሰው ነው።
«ስማኝ» ይለኛል፣ ፊልትሮ እያራገፈ፣ «ነገሩ እንዲህ ነው፤
ካንዴላ እዚሁ አለ። ጎማ አለ። ዘይት አለ።
የፍሪሲዮን ሸራ ግን፣ ወዳጄ፣ ካለቀ አለቀ፤
አዲስ አበባ ተደውሎ፣ በአውቶብስ ተጭኖ፣
ሁለት ሳምንት ነው እንግዲህ፣ መንገዱ ሰላም ሆኖ።
ዘይቷን በየሁለት ሺው። ስፖንጇ አቧራ ሲጠግብ
እጠበው፣ ጭመቀው፤ እሱ ሲጠግብ ሞተሯ ነው የሚራብ።
ሰንሰለቷን ተመልከት፤ ላልቶም ጠብቆም አይሆን፤
ሁለት ጣት ይወዛወዝ። የቫልቯ ክፍተት የወረቀት ያህል ይሁን።
የምትንጫጫ ቫልቭ አታስፈራህ፣ ጤና ናት፤
ዝም ያለችውን ፍራ። የጠበበች ዕለት
ድምፅ ሳታሰማ ራሷን ታቃጥላለች።»

ዝም ያለችውን ፍራ።
ይታይሽ ከቅዳሜ ጀምሮ ዝም ብላለች።
የጣራው ብር ነው። ሰኔ ሳይገባ ቆርቆሮው ሊቀየር
ቃል ገብቼ ነበር።

ኮርቻው ላይ ወጣሁ። መሬቱን የነካው የአውራ ጣቴ ጫፍ ነው።
የፎገራ መረሬ፣ ሐምሌ ላይ፣ እግሩ የማይደርስ ሰው ሲያገኝ ምን እንደሚያደርገው
አውቃለሁ። የወደቀ አይቻለሁ፤ ጋኑ ተገልብጦ፣
የስንት ኮርማ ተስፋ እንደ ጉም በንኖ፣ ከጭቃው አምልጦ።

«ልትገዛ ነው?» አለኝ አንሙት፣ እጁን በናፍጣ እየታጠበ።
ላልቶም ሰማሁት፣ ጠብቆም ሰማሁት። ጆሮዬ ተጠበበ።
ላልቶ ከሆነ፣ ብሩ ኪሴ ውስጥ አለ፤ ቆጥሬዋለሁ ደጋግሜ።
ጠብቆ ከሆነ ግን፣ ለዘይቱ፣ ለስፖንጁ፣
ለቤንዚን ወረፋ ከሌሊት ጀምሬ ቆሜ፣
ለማላውቀው የአዲስ አበባ ሱቅ «እባክህ ጌታዬ» ብዬ ደውዬ፣
እሷ በጥላ ቆማ፣ እኔ በፀሐይ ከስሬ ተንበርክኬ፣
ማነው እዚህ ላይ ኮርቻው?

«ነገ» አልኩት።

ወደ ጣና ወረድኩ። አንድ ሰው ታንኳውን ከውሃ አውጥቶ
ፀሐይ ላይ አቆመው፤ ደንገሉ ውሃ ጠጥቶ
ከብዶት ነው። ሲደርቅ ይቀላል።
ሰርቪሱ ይኸው ነው፤ በቃ።
ቀናሁ። ግን በታንኳ ብሄድ
እኔ ቁንዝላ ሳልደርስ ላሟ ታረጃለች።

ቤት ስገባ ይታይሽ ድስቱን ምድጃው ላይ ጓ! አደረገችው።
«ጣራው ያፈስሳል፣ አንተ ሰው ጋራዥ ተጎልተህ ትውላለህ!
ደግሞ ስንት አሉህ? ከኋላ ሰው ይቀመጥባታል?
ጋንህን እንጂ እኔን መቼም አታስብ!»
እሰይ፣ አልኩ በልቤ። ተንጫጫች።
ክፍተቱ ልክ ነው።

ቁጭ አልኩና ነገርኳት።
ከስፖንጁ ጀመርኩ።