ስም ምረጪ

የዝናብ ሌሊት ነው፣ አፉላ፣ ወርኃ ጥር፤
ልጄ ኦሽራት ወንበር ሳበች፣ «ነይ፣ እዚህ እንደር፤
እማ፣ አይናከስም፣ ጣትሽን አሳርፊ፣
ሰው የሞላው ክፍል ነው፣ ግቢና ጻፊ።»

ክፍል አለችው እንጂ ግድግዳ የለበትም፣
ደጃፍ የለው፣ ጫማ አይወልቅበትም፤
ቁጭ ብሎ የሚያወጋ አንድም ፊት አይታይ፣
ፊደል ብቻ ይዘንባል፣ ከታች ወደ ላይ።

መጀመሪያ ሳጥኑ ጮኸ፣ እንደ ታነቀ ዶሮ፣
የስልኩን መስመር ያዘ፤
እህቴ ከሎድ ደውላ፣ ደውላ፣ በማግስቱ እሮሮ።
ከዚያ አንዲት ነጭ መስኮት ብቅ አለች፣
«ስም ምረጪ» አለች።

ምረጪ!

እናቴ «እንጉዳይ» ስትለኝ ገና እንግዳ ነበርኩ፣ ለዓለም፤
የመርካዝ ቅሊታዋ ጸሐፊ ደግሞ ቀና ብላም አላየችኝም፤
«ኢላና» ብላ ጻፈች፣ ማኅተሙን መታች፣
«ቀጣይ!» ብላ ተጣራች።
ይኸው በሃምሳ ሦስት ዓመቴ ማሽን ጠየቀኝ፣
ማን ልትባይ ትወጃለሽ ብሎ ጠበቀኝ።
ያቺ ቀጭን መስመር፣ ብልጭ ድርግም እያለች፣
እንደ ደህና አዋላጅ አጠገቤ ቆየች።
የምቆረጥመውን አየሁት፣ እፍኜ ላይ፤
«ሱፍ» ብዬ ገባሁ፣ ያለ ወረፋ፣ ያለ ጉዳይ።

ሀ የለም እዚያ ቤት፣ ሐ የለም፣ ጠ የለም፣
አማርኛው በፈረንጅ ሆሄ ነው የሚለቀም።
«ጠፋሽ» ሲሉኝ «ተፋሽ» መስሎኝ ተቆጣሁ፣
«መች ተፋሁ!» ብዬ፣ በሩ በሌለው ደጅ ወጣሁ።
ኦሽራት ሳቋ አመለጣት።
መልሼ ገባሁ።

አንዱ አለ፤ ስሙን ሳነበው «ቄስ በቄስ» ይላል፣
አፌን በነጠላ ሸፈንኩ፣ ማን በቄስ ፊት ይቀልዳል?
«ይባርኩኝ» ብዬ ጻፍኩ፣ በአንድ ጣት፣ ሩብ ሰዓት ፈጅቶብኝ፤
ሀ፣ ሀ፣ ሀ፣ ሙሉ መስመር ሳቅ አዘነበብኝ፤
«ቀስ በቀስ ነኝ እኮ! እንቁላሉ፣ ገና እግር ያላወጣሁ፣
እኔም እንዳንቺው ነኝ፣ ባለፈው ሳምንት የመጣሁ።»

«አትጩሂብን» አለኝ በሦስተኛው ማታ፤
ትልልቁ ሆሄ ለካ ጩኸት ኖሯል፣ ትንንሹ ጸጥታ።
ስለ ልጁ ነገረኝ፣ ከውትድርና ሲመለስ አፉን ስለ ዘጋው፣
ስለ ጉልበቴ ነገርኩት፣ የፋብሪካው ሲሚንቶ ስለ በላው።
ጎረቤቴንም አማሁለት፣ ውሃው በጣራዬ የሚንጠባጠብ፣
የማይሰማ፣ በመጥረጊያ እንጨት ሌት ተቀን ብደበድብ።
«አይዞሽ» አለኝ፣ «እኔም ከሥሬ አለችኝ፣ ወለሌን የምትነርት፣
እንዲህ ያለ ጎረቤት አይስጠው ለጠላት።»
እስኪነጋ ተዛዘንን።

አንድ ሌሊት መብራት ሄደ፣ ብሎኩ በሙሉ ጨለመ፤
«ደህና እ…» ላይ ነበርኩ፣ ቃሌ መሃል ላይ ቆመ።
ሻማ ይዤ ወጣሁ፣ ቆጣሪውን ላይ፤
ሌላም ሻማ ይወርዳል፣ ከሦስተኛው ፎቅ፣ ከላይ፤
ዳኘው ነው፣ ባለ ውሃው፣ በነጠላ ጫማ፣
ለራሱ ያጉረመርማል፤
«ሳልሰናበታት… ሱፍ ምን ትለኝ ይሆን» ሲል ሰማሁት፣ በጨለማ።

«እንቁላል…» አልኩ።

ሻማው ደረጃው ላይ ቀጥ አለ።
«…በእግሩ» አለ፣ ድምፁ እንደ ጀማሪ ጣት እየፈለገ።

ሌላ ምንም አላልንም።
እኔ መጥረጊያዬ ትዝ አለኝ፣ እሱ ውሃው ትዝ አለው፤
ያን ሁሉ ሌሊት ያወራን ሁለት ሰዎች፣ ፊት ለፊት፣ ሰም እጃችን ላይ እየፈሰሰ፣
የሚባል ነገር አጣን፣ ይኸው ነው።

መብራቱ መጣ። ሳንሰናበት እሱ ወጣ፣ እኔም ቤቴ ገባሁ፤
መስኮቷ «ስም ምረጪ» አለች፣ ጥቂት አመነታሁ፤
«እንጉዳይ» ብዬ፣ በትንንሹ ሆሄ፣ ሳልጮህ ጻፍሁ።
ከጣራዬ በላይ
ወንበር ሲሳብ ሰማሁ።