በእርሳስ የታረመ እጅ

ማክሰኞ ማክሰኞ ኦርታል ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣
ከቦርሳዋ ቀጭን መጽሐፍ ትመዛለች፣ በፕላስተር የተያያዘ፣ ጠርዙ የሚፈራርስ።
እሷ በዕብራይስጥ ታነባለች፣ እኔ በአማርኛ እመልሳለሁ፣
የጠፋኝን ቃል በጣቴ ሥዕሉ ላይ እፈልጋለሁ።

መጽሐፉ ስለ አንዲት ሴት ነው፤ ፍሩማ ትባላለች፤
ኔታንያ ገና አሸዋ ሳለች በመርከብ መጥታለች።
ቡልዶዘሩ ሊደመስስ ሲነሣ የዱር አበባውን ሜዳ፣
ሥር ሥሩን ነቅላ በሕፃን ጋሪ ታሸሸው ጀመር በማለዳ።
ጎረቤት "እሰይ፣ ወለደች!" ብሎ ቢያይ አጎንብሶ፣
ሽንኩርት የሚያህል ነገር ተኝቷል፣ አፈር ለብሶ።
እዚህ ገጽ ላይ ልጄ አትታገሥም፣ ትስቃለች፣
አፌ ሳይከፈት ቀድማኝ "አፈር ለብሶ!" ትላለች።
ከአማርኛዬ የወደደችው ይህችን ብቻ ነው።

ከንቲባው በር ላይ ሦስት ቀን ቆማለች፣ በዝናብ፣ ከነጋሪዋ፤
"ልጅሽን ብርድ ይመታዋል" ቢሏት፣ "እሱ ብርድ ነው የሚወደው" ነበር መልስዋ።

"የመጀመሪያዋ ሴት" ይላል፣ ገጽ በገጽ፣ "የመጀመሪያዋ"፤
"ከሷ በፊት ማንም አላየውም?" እላለሁ። "የባሏ እናት? የሠፈሩ ውሃ ቀጂዋ?"
ኦርታል ትቆጣለች፦ "እማ፣ የሌለውን አትጨምሪ።
የተጻፈውን ብቻ።"
እሺ። የተጻፈውን ብቻ።

ገጽ አሥራ አንድ ላይ ግን ዝም ማለት አቃተኝ።
ፍሩማ መቆፈሪያ ይዛለች፣ ሾርባ እንደሚቀምስ ሰው፣ በሁለት ጣት፣
አውራ ጣቷ ወደ ሰማይ፣ እጇ ላይ ቅንጣት አፈር የሌለባት።
ይህን የሣለ ሰው ቆፍሮ አያውቅም፤ እኔ አውቃለሁ፣
በሰው ኩባንያ ስም የዚህን ከተማ መናፈሻ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኮትኩቻለሁ፤
ግራ እጅ ከሥሩ በታች ሾልኮ ይገባል፣ ይቀበላል፣
ቀኙ ዳር ዳሩን ይለማመጣል፤ የቸኮለ እንደሆን ይሰብራል።

አንድ ሌሊት ልጄ ስትተኛ እርሳሷን አነሣሁ።
የፍሩማን ጣቶች አሳጠርኩ። ከጥፍሯ ሥር አፈር አገባሁ።
አውራ ጣቷን ወደ ቦታው መለስኩ።
ከዚያ የሠራሁት ሲገባኝ (የማዘጋጃ ቤት መጽሐፍ!) ደነገጥኩ።
በማግስቱ አደባባዩ ዳር ችግኝ ስተክል እጄን እያየሁ ዋልኩ፣
ማንም ሥሎት የማያውቅ እጅ። ጓንቴን አወለቅኩ።

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ብሩርያ ገጹን ገለጠች፤
መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች።
"ማነው?"
ኦርታል ወደ ጣሪያው፣ እኔ ወደ ጫማዬ።
ሃምሳ ሸቅል ይሆን? መቶ? ከየትኛው ደሞዜ!
ከመሳቢያው ላጲስ አወጣች። እጁን ቆየት ብላ አየች።
የራሷን እጅ በአየር ላይ አጎበጠች፣
ግራውን ከታች፤
ላጲሱን መለሰች።
ቀኑን በማኅተም መትታ "ሁለት ሳምንት" ብቻ አለች።

ክረምቱን መጽሐፉ በሌሎች ልጆች እጅ ዞረ፤
ሲመለስ ገጽ አሥራ አራት ላይ አንድ ነገር ተጨምሮ ነበረ፦
በአበባው ጉያ ውስጥ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ የተኛች ንብ።
እግሯ ስምንት።
ኦርታል ላጲስ ፍለጋ ተነሣች።
"ተያት፣" አልኩ፣ "ትተኛ።"

እውነት ነው ለካ። በየካቲት፣ ዓርብ ከሰዓት፣ ሰንበት ሳይገባ፣
ከባሕሩ ገደል አፋፍ፣ ከአጥሩ ወዲያ፣ ጥቁር ሐምራዊው አበባ፤
ወንዶቹ ንቦች ብርድ ሲመጣ ገብተው የሚያድሩበት፣
ኪራይ የሌለበት ቤት።
ከጀርባችን አዲስ ፎቅ፤ የክሬኑ ክንድ ቆሟል ለሰንበት።
ኦርታል አሸዋው ላይ በሆዷ ተኛች፤ አዲሱ ቀሚሷ!
ልቆጣ ስል ጣቷን ከአፏ ላይ አደረገች እሷ፤
"ቀስ በይ፣ እማ። ተኝተዋል፣" አለችኝ፣
በኔ ቋንቋ።
የምመልሰው ጠፋኝ።