ተደርጓል

ዱካሞ ሀሜሶ፣ የስኳር በሽተኛ፣
ከአሞራ ገደል የመጣ፣ ተራው ሃምሳ ዘጠነኛ።
ዓይኔን ለስክሪኑ፣ ጎኔን ለእሱ ሰጥቼ
ስኳሩን ሞላሁ፣ ግፊቱን፣ መልሱን ሳይጨርስ ገምቼ፤
«የእግር ምርመራ» የሚል ሣጥን መጣ፣
«ተደርጓል» አልኩበት፣ እግሩ ከቦቲው ሳይወጣ።

እንዲህ ነው ሦስት ቀጠሮ የተያየነው።
ኦዲት መጣ፤ ክፍላችን ዘጠና አራት አገኘ፣
የምስክር ወረቀቱ ከካርድ ክፍሉ በላይ ተሰቀለ፤
ኬክ ተቆርሶ ነበር፤ በልቻለሁ፣ ሁለት ቁራጭ።

ዛሬ ሊወጣ ሲል ወለሉ ጠቅ አለ፣
እንደ ሳንቲም፣ በየእርምጃው ጠቅ አለ።
ብርቄ የጽዳቷ፣ መወልወያዋን ትታ፣
«ዶክተር፣ የአባባ ጫማ ይናገራል» አለች፣ ቀድማኝ ሰምታ።

ተንበርክኬ አወለቅኩለት።
መንጠቆ፤ የራሱ፣ ለአምባዛ የሚያስረው፣
ሶሉን አልፎ ተረከዙ ውስጥ የተቀበረው።
«መቼ ገባ?» አልኩ፤ ድምፄ ቀጠነ።
«እኔማ አይሰማኝም» አለ፣ እንደ መሳቅ ብሎ፣
«እናንተ አይታችሁት የለ?»

የሐዋሳ ሐይቅ ከመስኮቱ ማዶ ያበራል።
እኔ ስክሪኑ ላይ «ተደርጓል»ን ልሰርዝ እታገላለሁ፤
አረንጓዴ ነው፤ ጠቅ አደርገዋለሁ፣ ጠቅ፣
ሲስተሙ የጸደቀ አይሰርዝም።