ሲላላ ሲጠብቅ

ከአራት ኪሎ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ቁልቁል ሲወረድ
ከፎቶ ቤቱ ጀርባ ነኝ፤ ደረጃዬ ጠባብ፣ የሚያንገዳግድ።
አርባ ዓመት ማተሚያ ቤት የሰው ስሕተት ሳርም ኖሬ
ጡረታ ስወጣ፣ ስሕተት በእግሩ መጣ እስከ በሬ።

"ሦስት ሰዓት ና" ብዬው፣ በመጀመሪያው ቀን
በራሱ ሦስት ሰዓት ደረሰ፤ የእኔ ዘጠኝ ሲሆን።
ጆሴሊቶ ይባላል፤ ከፊሊፒንስ፣ ኢሎኢሎ ከሚሉት ከተማ፤
ሃያ ሁለት ዓመቱ፤ ነጭ ሸሚዝ፣ ተረከዙ የተበላ ጫማ።
"ወንጌል ልሰብክ መጣሁ" አለኝ።
"ለማን?" አልኩት፣ እኔ ዳዊት ደጋሚው።
በመስኮቴ የሥላሴን ጉልላት አየና እንደ ማፈር አደረገው።
አልተከራከርንም። እኔ ሰዋስው ነው የማውቀው፤
የዓረፍተ ነገሩን ባለቤት፣ ባለቤቱ ይወቀው።

ችግሩ ጠ ነው። ምላሱ ላይ ሲደርስ ይለሰልሳል።
"ጌታ መጣ" ሊል ሽቶ "ጌታ መታ" ይላል።
ስለ ጠፋው ልጅ ሊያስተምር፣ ለእሑድ ሲዘጋጅ፣
ጮክ ብሎ አነበበልኝ፦ "የተፋው ልጅ"።
ሳቄ አመለጠኝ። እሱም ሳቀ፣ በምን እንደሆነ ሳያውቅ።
"ጭራሮ ሲሰበር ሰምተሃል? እንደዚያ፤ ጠ! ጠ! ሳትጨነቅ።"

ጠዋት ሸሚዙን ተኩሶ ሳይጨርስ መብራት ይሄዳል፤
አንዱ እጅጌ ቀጥ ብሎ፣ አንዱ ተጨማዶ ይወጣል።
ታክሲ ላይ ረዳቱ "ቻይና፣ ጠጋ በል!" ሲለው
ፊሊፒንስን ሲያስረዳ መውረጃው አለፈው።
ፒያሳ ያደለውን ወረቀት ለውዝ ሻጯ አጣጥፋ አስቀምጣ
ለውዝ ጠቅልላ ለራሱ ሸጠችለት፤ እየሳቀ ይዞልኝ መጣ።
ለውዙን በላን። ወረቀቱን ግን አነበብኩት፤
ሦስት የፊደል ግድፈት አለው፤ በቀይ አረምኩለት።

ማክሰኞና ዓርብ ምኒልክ ሆስፒታል፣ የዓይን ክፍል ይሄዳል።
መጀመሪያ ሊሰብክ ነበር። አሁን ውሃ ይቀዳል፣
ዓይናቸው በፋሻ ለተሸፈነ አዛውንት የልጃቸውን ስልክ ይደውላል።
"ዛሬስ ምን ሰበክህ?" ስለው
"ኩትር ደወልኩ" ይለኛል።

ታኅሣሥ አሥራ ስድስት። የሥራ ቀን። ጾም። ቆንጣጭ ብርድ።
በእነሱ አገር የገናን ፋኖስ በመስከረም ይሰቅላሉ አሉ፤
እኛ አደይ ስንለቅም፣ እነሱ የወረቀት ኮከብ።
እዚህ ቀኑን ያወቀለት የለም።
ሊስትሮው ይቦርሻል፣ ታክሲው ይጮኻል፣
የማዶው ወፍጮ ቤት በርበሬ ይፈጫል።
በሰዓቱ መጣ፤ በእኔ ሰዓት።
ደብተሩን ገለጠ፣ እስክሪብቶውን አላነሳም።

"ጋሼ፣ ዛሬ ገና ነው" አለ፤ አላልቶ።
"ምኑ ነው ገና?"
"ገና! ልደት! ዛሬ!"
"እሱማ ገና ነው" አልኩት፣ "አሥራ ሦስት ቀን ይቀረዋል።"
ከአፌ ከወጣ በኋላ ሰማሁት።

ደብተሩ ላይ ጻፍኩለት፦ ገና ገና ነው።
"አንዱ ይላላል" አልኩት፣ "አንዱ ይጠብቃል።"
"ማንን?" አለኝ።

አርባ ዓመት አርሜ
ለዚህ መልስ አልነበረኝም።

ስልኩ ጠራ። እናቱ ናት።
ከኋላዋ የሳህን ድምፅ፣ የሕፃናት ጫጫታ፤ እዚያ መሽቷል።
መስኮቱ ጋ ዞሮ ቆመ፤ አንዱ እጅጌው እንደ ወትሮው ተጨማዷል።
ቋንቋውን አላውቅም።
ድምፁ ሲላላ፣ ሲጠብቅ ግን ሰማሁ።

ካፖርቴን ደርቤ ፒያሳ ወሰድኩት፤
ያው አሳላፊ ያለበት አሮጌ ኬክ ቤት።
ለእሱ ክሬም የተቀባ፣ አንድ ደህና ቁራጭ፤
ለእኔ ለጾመኛው ጥቁር ሻይ።
"አንተስ?" አለኝ። "እኔ ገና ነኝ" አልኩት።
ሳቀ፤ ይቺን ገብታው።

ጎረሰ። ዓይኑን ጨፈነ።
"ጣፋች ነው" አለ።

ጣ፣ እንደ ደረቅ ጭራሮ፣ ጥርት ብላ ወጣች።
ጭ ግን
ገና ነው።